ያልበቀለ ዘር ሁሉ የሞተ አይደለም፦ የሳር ዘርን በውሃ እጥረት ስፈትን ያየሁት

ጥያቄው የተነሳው ከቤተ ሙከራ አይደለም፤ ከማሳ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አባት ለከብቶቻቸው ሮደስ ሳር ዘርተው ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናብ ጣለ። መሬቱ ራሰ። ዘሩን በተኑ። ከዚያ ዝናቡ ቀጥ አለ። ከአሥር ቀን በላይ ፀሐይ ብቻ ሆነ። እኔ ስደርስ መሬቱ ላይ አንድም አረንጓዴ ነገር አይታይም። ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉና፣ "ልጄ፣ ይሄ ዘር ሞቷል ወይስ ይጠብቃል? ልገልብጠው ወይስ ልተወው?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስም እያፈላለግኩ ነበር። ጥያቄያቸውን ይዤ ወደ ከተማ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በፔትሪ ዲሽ (ክዳን ባለው ትንሽ ጠፍጣፋ ሳህን)፣ በወረንጦና በማጣሪያ ወረቀት አለፉ። ብዙ ተሳስቻለሁ። ሁለት ሙሉ ዙር ሙከራ ጥዬ እንደገና ጀምሬያለሁ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ልትጀምሩ ላላችሁ ነው። መመሪያዎቹ ይህን ያህል ግራም አሟሙ፣ ዘሩን ደርድሩ፣ በየቀኑ ቁጠሩ ይላሉ። ልክ ነው። ሰው የሚወድቀው ግን መመሪያው ዝም ብሎ ያለፋቸው ነገሮች ላይ ነው።

በመጀመሪያ ድርቀት ለዘር ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። ለዘሩ ዋናው ነገር አፈሩ ውስጥ ስንት ውሃ አለ የሚለው አይደለም። ውሃው ምን ያህል ጠብቆ ተይዟል የሚለው ነው። ዋልካ አፈርን አስቡ። በእጃችሁ ስትጨብጡት ርጥብ ነው። ዘሩ ግን ከዚያ ርጥበት ጠብታ መሳብ ሊያቅተው ይችላል፤ ሸክላው ውሃውን ጨምድዶ ይዞታላ። አሸዋማ አፈር ላይ በዚያው የውሃ መጠን ዘሩ እንደ ልቡ ይጠጣል። ይህ የመያዝ ኃይል በሜጋፓስካል ይለካል። ንጹህ ውሃ ዜሮ ነው። ድርቀቱ በጨመረ ቁጥር ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፦ −0.2፣ −0.4፣ −0.8 እያለ። ተክል ጠውልጎ አይመለስም ተብሎ በተለምዶ የሚወሰደው መስመር −1.5 ነው።

ስለዚህ ቤተ ሙከራ ውስጥ ድርቀት የምንፈጥረው ውሃ በመቀነስ አይደለም። ውሃው እያለ እንዲያዝ በማድረግ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ፖሊኢትሊን ግላይኮል 6000 ነው፤ እኛ በአጭሩ ፔግ እንለዋለን። ነጭ፣ ሰም የመሰለ ነገር ነው። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ የሕዋሱን ግድግዳ አልፎ ወደ ዘሩ አይገባም። ውጭ ቆሞ ውሃውን ይይዛል፤ ደረቅ አፈር እንደሚያደርገው። ጨው ብትጠቀሙ ግን ወደ ዘሩ ይዘልቃል፤ ሲበዛም ይመርዘዋል። ያኔ ዘሩን የጎዳው ድርቀቱ ይሁን ጨው መለየት አትችሉም።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንሂድ። ስንት ግራም ፔግ ስንት ድርቀት ይሰጣል ለሚለው፣ ሚሼል እና ካውፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል። እሱን ተከትዬ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሰላሁት እንዲህ ነው። ለ−0.2 ሜጋፓስካል 119.6 ግራም፣ ለ−0.4 ደግሞ 178.3 ግራም፣ ለ−0.6 223.7 ግራም፣ ለ−0.8 261.9 ግራም፣ ለ−1.0 295.7 ግራም። ይህ ሁሉ በአንድ ኪሎ ውሃ ላይ ነው።

"በአንድ ኪሎ ውሃ ላይ" የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት። የመጀመሪያው ዙሬ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ ከኬሚስትሪ ትምህርት በለመድኩት መንገድ ሄድኩ። 178.3 ግራሙን ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩ፤ ከዚያ አንድ ሊትር መስመር ላይ እስኪደርስ ውሃ ሞላሁ። ፔጉ ራሱ ቦታ ይይዛል። 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን ይዞታል። ስለዚህ የገባው ውሃ 850 ግራም አካባቢ ብቻ ነበር። −0.4 ብዬ የጻፍኩበት ጠርሙስ በእውነቱ ከ−0.5 ያለፈ ድርቀት ነበረው። ይህን ያወቅኩት ሙከራው ካለቀ በኋላ ነው። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ አንድ ኪሎ ውሃ መዝኑ፤ ከዚያ ፔጉን እላዩ ላይ ጨምሩ። አጠቃላዩ ከአንድ ሊትር በላይ ይሆናል። ይሁን። በአንድ ጊዜ አትዘርግፉት፤ ይጓጉላል። ትንሽ በትንሹ እያማሰላችሁ ጨምሩና እስኪጠራ በማማሰያው ላይ ተዉት። እኔ ማታ ጀምሬ ጠዋት ነው የማነሳው።

ሙቀቱም የራሱ ጉዳይ አለው። ፔግ ሙቀት ሲጨምር ውሃውን የመያዝ ኃይሉ ይላላል። በ25 ዲግሪ −0.4 የሆነው ውሁድ፣ ማለትም ፔጉ የሟሟበት ውሃ፣ በ30 ዲግሪ −0.36 ይሆናል፤ በ20 ዲግሪ −0.44። ባሕር ዳር ውስጥ ሚያዝያ ቀትር ላይና ታኅሣሥ ሌሊት ላይ ክፍሉ አንድ አይነት አይደለም። "የክፍል ሙቀት" ብሎ መጻፍ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ኢንኩቤተር፣ ማለትም ሙቀቱን አንድ ደረጃ ላይ የሚያቆይ ሳጥን፣ ያስፈልጋል። ኢንኩቤተሩ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። አንድ ትንሽ የሙቀት መዝጋቢ ውስጡ አስቀምጡ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። ውጤቱ ግራ ሲያጋባችሁ መጀመሪያ የምትመለከቱት እሱን ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና።

ፔትሪ ዲሽ ላይ ማጣሪያ ወረቀት ይነጠፋል። ወረቀቱ ላይ ውሁዱ ይፈሳል። ዘሩ ይደረደራል። እኔ በመጀመሪያ ሁለት ድርብ ወረቀት አድርጌ አራት ሚሊ ሊትር ነበር የማፈሰው፤ ወረቀቱ ርሶ ሲያብረቀርቅ በቂ መስሎኝ። ችግሩ ደረቅ ወረቀት ውሃውን ይመጥጣል፤ ትልቁን የፔግ ሞለኪውል ግን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ አያስገባም። ውሃው ወደ ወረቀቱ ሲገባ ፔጉ ውጭ ይቀራል። ዘሩ የተቀመጠበት ፈሳሽ ከጠርሙሱ ይልቅ የወፈረ ይሆናል። እናንተ −0.4 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ዘሩ የሚያገኘው ከዚያ የባሰ ድርቀት ነው።

መፍትሔው ወረቀቱን ማሳነስ፣ ፈሳሹን ማብዛት ነው። ወረቀቱ የሚመጥጠው ውሃ ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ከሆነ ስህተቱም ትንሽ ይሆናል። እኔ ወደ አንድ ወረቀትና አሥር ሚሊ ሊትር ቀየርኩ። ወረቀቱንም በዚያው ውሁድ ቀድሜ እነክረዋለሁ፤ አንጠባጥቤ አውጥቼ ወደ ዲሹ ካስገባሁ በኋላ ነው አዲሱን የማፈስበት። በየሁለት ቀኑ ደግሞ ዘሮቹን በወረንጦ ወደ አዲስ ዲሽ አዛውራለሁ። አድካሚ ነው። ሃያ ዲሽ ሲሆን ከሰዓቱን ሙሉ ይበላል። ግን ያለዚያ የምጽፈውን ቁጥር አላምነውም።

ትነትም አለ። አንድ ዲሽ ላይ አሥር ግራም የ−0.4 ውሁድ አለ እንበል። ከዚያ ውስጥ አንድ ግራም ውሃ ብቻ ቢተን ድርቀቱ ወደ −0.5 ይወርዳል። አንድ ግራም! በዓይን አይታይም። ስለዚህ ዲሹን በፓራፊልም (ተለጥጦ በሚጣበቅ ስስ ሽፋን) ዙሪያውን ጠቅልሉት። ፓራፊልም ከሌለ ዲሾቹን በፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን እሰሩ፤ ውስጡ ርጥብ ጨርቅ ይኑር። ከሁሉ በላይ ግን መዝኑ። ከየደረጃው አንድ አንድ ዲሽ ምረጡና በየቀኑ ሚዛን ላይ አውጡት። ይህ ምንም ወጪ የለውም። እኔ ይህን የጀመርኩት በሦስተኛው ዙር ነው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ዲሾች ከታችኞቹ በፍጥነት እንደሚቀልሉ ያሳየኝም ሚዛኑ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቦታ አቀያይራቸው ጀመር።

ፈሳሹ ሲበዛ ሌላ ነገር ይመጣል። ዘሩ ሊሰምጥ ይችላል። ይህን ያስተማረችኝ የቤተ ሙከራው ባለሙያ ናት፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ዲሾቼን አየችና፣ "ብቅል አብቅለሽ አታውቂም?" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት፤ እናቴ ለበዓል ጠላ ስትጠምቅ አግዛታለሁ። "ታዲያ ገብሱን ውሃ ውስጥ ነው የምትተዊው?" አለች። አይደለም። ገብሱ ይነከራል፤ ይጠነፈፋል፤ ከዚያ በቅጠል ተሸፍኖ ነው የሚጎነቁለው። ውሃ ውስጥ ከተተወ ይሸታል እንጂ አይጎነቁልም። ዘር ሲበቅል ይተነፍሳል፤ አየር ይፈልጋል። የፔግ ውሁድ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ኦክስጅን እንደ ንጹህ ውሃ ቶሎ አያልፍበትም። በአየር እጦት ያልበቀለ ዘር በድርቀት ያልበቀለ መስሎ ይታያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወረቀቱ በታች የተጣራና የታጠበ የመስታወት ጠጠር አነጥፋለሁ። ፈሳሹ ከታች ይቀመጣል። ወረቀቱ ከላይ ርሶ ይቆያል፤ ዘሩም አይሰምጥም። እትዬ የነገረችኝን በመመሪያ ላይ አላገኘሁትም ነበር።

ስለ ዘሩ ራሱ ደግሞ።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ንጹህ ውሃ ያገኙት ዲሾች እንኳ ከ50 ዘር 16 ነው ያበቀሉት። ዘሩን የሸጠልኝን ሰው ወቀስኩ። ያረጀ ዘር ነው ብዬ ደመደምኩ። ነገሩ ሌላ ነበር። ሮደስ ሳር ስታዩት ጭራ ያለው፣ ጭገራም፣ ቀላል ነገር ነው። ዘር የምንለው ብዙውን ጊዜ ገለባውን ነው። ውስጡ ፍሬ ላይኖር ይችላል። ባዶ ገለባ ቆጥሬ ነበር ዲሽ ላይ የደረደርኩት! ባዶ ገለባ ሰማይ ቢዘንብለት አይበቅልም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ዘሩን በሁለት መዳፌ መካከል ቀስ ብዬ አሻለሁ። ከዚያ በሰፌድ አንገዋልላለሁ፤ እናቴ ጤፍ ስታንገዋልል እንዳየሁት። ገለባው ይበርራል። የቀረውን ከሥር መብራት ባለበት መስታወት ላይ እበትናለሁ። ፍሬ ያለው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ባዶው ብርሃን ያሳልፋል። ጥርጣሬ ካለኝ በወረንጦ ጫፍ ጫን እለዋለሁ፤ ፍሬ ያለው ይጠነክራል፣ ባዶው ይጨፈለቃል። ይህን ሳላደርግ አንድም ዘር ወደ ዲሽ አይገባም። አንድ ጠዋት ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በመጨረሻ "አልበቀለም" ስትሉ ስለ ፍሬ እንጂ ስለ ገለባ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

አዲስ የታጨደ የሮደስ ዘርም አታምጡ። ከታጨደ በኋላ ለተወሰኑ ወራት እንቅልፍ ላይ ይሆናል። ውሃ ቢያገኝም አይነሳም። ከእንቅልፉ ለማስነሳት ዘሩን በ0.2 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት የሚያርሱ አሉ፤ ለመደበኛ የብቅለት ፈተና ጥሩ ነው። ለእኛ ሥራ ግን አልመክረውም። ያ ውሁድ ራሱ ወደ −0.1 ሜጋፓስካል የሚጠጋ ድርቀት ይዞ ይመጣል፤ ፔጉ ላይ ሲደረብ ሒሳቡን ያዛባዋል። ዘሩን ደረቅ ቦታ አቆይታችሁ እንቅልፉ በራሱ እስኪያልፍ መጠበቅ ይሻላል።

እጃችሁን ለማለማመድ ከፈለጋችሁ በጤፍ ጀምሩ። ጤፍ ከሳር ወገን ነው። ፍሬው ከገለባ የተላቀቀ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ባዶ የለውም፤ በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሳል። ስህተታችሁን በቶሎ ያሳያችኋል። እኔ ሁለቱን ዙሮች በሮደስ ከማባክን በጤፍ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ወራት ባተረፍኩ ነበር።

ሻጋታን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዘሩን ወደ 1 በመቶ በተቀጠነ በረኪና አምስት ደቂቃ አቆዩና በተጣራ ውሃ አራት አምስት ጊዜ አለቅልቁ። ውሃና ወረቀት ለማምከን አፍልቶ መተው አይበቃም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ኦቶክሌቭ፣ ማለትም በታመቀ እንፋሎት የሚያመክነውን መሣሪያ፣ ተጠቀሙ።

ደረጃዎቹ ስድስት ነበሩ፤ ዜሮን ጨምሮ። በየደረጃው አራት ዲሽ፣ በየዲሹ 50 ዘር። ስትተነትኑ አንድ ነገር አትርሱ፦ ናሙናው ዲሹ እንጂ ዘሩ አይደለም። አንድ ዲሽ ውስጥ ያሉ 50 ዘሮች አንድ ፈሳሽ፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ ቦታ ይጋራሉ። 200 ናሙና አለኝ ማለት አይቻልም። አራት ነው ያላችሁ።

ቆጠራው ላይ የደረሰብኝን ግን ልንገራችሁ። በቀለ የምለው ሥሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ወጥቶ ሲታይ ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እቆጥራለሁ። አንድ ሳምንት ወደ ቤተሰብ መሄድ ነበረብኝና አንድ ባልደረባዬን ቁጠርልኝ አልኩት። ደብተሬ ላይ "3 ሰዓት" ይላል። እሱ የሙቀት መዝጋቢውን ሰዓት ነው ያየው፤ መዝጋቢው የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቆጠረ። ስድስት ሰዓት ልዩነት! ለሮደስ ብዙም አልጎዳ ይሆናል። ቶሎ ለሚበቅለው ጤፍ ግን ስድስት ሰዓት ብዙ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግማሹ ዲሽ ሊበቅል ይችላል። በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የምትጠቀሙበትን ሰዓትና የዘመን አቆጣጠር በትልቁ ጻፉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ዘሩ ከረጠበ ጀምሮ ስንት ሰዓት እንዳለፈው ጻፉ፦ 24፣ 48፣ 72። እሱ ለማንም አያምታታም።

ይህን ያህል ስለ ሰዓት የማወራው ፍጥነቱ ከመጨረሻው ድምር ይልቅ ብዙ ስለሚናገር ነው። ሁለት የሳር ዘሮች በ14 ቀን እኩል 80 በመቶ ሊበቅሉ ይችላሉ። አንዱ በሦስተኛው ቀን ጨርሶ፣ ሌላው እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን እያዘገመ። ለገበሬው ሁለቱ እኩል አይደሉም።

ፍጥነትንና ድርቀትን አንድ ላይ የሚያይ አንድ ቀላል ሐሳብ አለ። እያንዳንዱ ዘር የማይወርድበት ወለል አለው፤ ከዚያ በታች ያለ ድርቀት ውስጥ አይበቅልም። ከወለሉ በላይ ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ቶሎ ይበቅላል፤ በጠበበ ቁጥር ይዘገያል። ርቀቱ በቀኑ ቢባዛ ሁልጊዜ አንድ አይነት ቁጥር ይሰጣል። ምሳሌ ልስጥ። ግማሹ ዘር በንጹህ ውሃ በ2 ቀን፣ በ−0.4 በ4 ቀን በቀለ እንበል። ወለሉ −0.8 ነው ማለት ነው፦ 0.8 በ2 ሲባዛ 1.6፣ 0.4 በ4 ሲባዛም 1.6። በ−0.6 ላይስ? ርቀቱ 0.2 ነው፤ ስለዚህ 8 ቀን ይፈልጋል። አያችሁ፣ ድርቀቱ ትንሽ ሲጨምር ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም! ሙከራውን በሰባተኛው ቀን የዘጋ ሰው "በ−0.6 ግማሹም አይበቅልም" ብሎ ይጽፋል። ዘሩ ግን አንድ ቀን ነበር የቀረው።

እዚህ ላይ የዘጌው መንገድ ጥያቄ ትዝ ይለኛል። ሞቷል ወይስ ይጠብቃል?

ብዙ ሰው ሙከራውን በ14ኛው ቀን ይዘጋና ያልበቀለውን ይጥለዋል። እኔም መጀመሪያ ጥያለሁ። እባካችሁ አትጣሉት። በ−0.8 እና በ−1.0 ውስጥ ዝም ብለው የከረሙትን ዘሮች አውጡ። በተጣራ ውሃ በደንብ አለቅልቋቸው፤ ፔጉ ተጣብቆ እንዳይቀር። አዲስ ወረቀት ላይ በንጹህ ውሃ አስቀምጧቸውና እንደገና መቁጠር ጀምሩ።

የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያደረግኩት ዓርብ ከሰዓት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍት ከእነዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ አሸዋ ከተቀመጡት ዘሮች ብዙዎቹ ነጭ ሥራቸውን አውጥተዋል። በአንድ ሌሊት! መጀመሪያውኑ ንጹህ ውሃ ያገኙት እንኳ እንዲህ አልፈጠኑም። ምክንያቱ አለው። ዘሩ ፔጉ ውስጥ እያለ ዝም አላለም ነበር። ትንሽ ውሃ ጠጥቷል፤ ውስጡ ለመብቀል የሚያስፈልገውን ዝግጅት አድርጓል፤ ሥሩን ለመግፋት የሚበቃ ውሃ ነው ያጣው። ውሃው ሲመጣ የቀረው መውጣት ብቻ ነበር። ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። እትዬን ጠራኋትና እሷም አየች።

ከዚያም በኋላ ዝም ያሉት ላይ የቴትራዞሊየም ፈተና አድርጉ። ዘሩን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውሁዱ ውስጥ ስታስቀምጡት ሕያው ፅንስ ቀይ ይሆናል፤ የሞተው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ያልበቀለው ዘር አራት ቦታ ተከፈለ ማለት ነው። ባዶው፣ እንቅልፍ ላይ ያለው፣ የሞተውና ውሃ የሚጠብቀው። አራቱን በአንድ "አልበቀለም" ዓምድ ውስጥ የጻፈ ሰው ለገበሬው የሚሰጠው መልስ የለውም።

ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዘር ሥሩን ከማውጣቱ በፊት ርሶ ቢደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ሥሩ ከወጣ በኋላ ግን ያ መቻል ቶሎ ይጠፋል። ቢደርቅ ይሞታል። ስለዚህ በግንቦቱ ዝናብ ፈጥኖ የበቀለው ነው በድርቀቱ የተቃጠለው። ዝም ያለው ነው የተረፈው። ሳር በምንመርጥበት ጊዜ "በድርቀት ውስጥ ቶሎ የበቀለ ጠንካራ ነው" የሚለውን እንደ ሕግ የሚወስዱ አሉ። እኔ አልስማማም። ዝናቡ ከጀመረ በማይቋረጥበት ቦታ ይሠራል። እንደ እኛ አካባቢ የግንቦት ዝናብ መጥቶ በሚጠፋበት፣ እውነተኛው ክረምት ሰኔ ላይ በሚገባበት ቦታ ግን ወለሉ ከፍ ያለ፣ መሬቱ በደንብ እስኪርስ የሚታገስ ዘር ሊሻል ይችላል።

በቀጣዩ ዓመት ወደ እኚያ አባት ስመለስ ሁለት ዲሽ ይዤ ሄድኩ። አንዱ ላይ በድርቀት ከርመው ውሃ ሲያገኙ የተነሱት ዘሮች አሉ። ሌላው ላይ በቅለው ከዚያ ያደረቅኳቸው፤ ሥራቸው ቡናማ ሆኖ ተጨማዷል። ዲሾቹን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። ያን ዓመት ማሳውን ሳይገለብጡ ትተውት እንደነበር ነገሩኝ፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ ሳሳ ብሎ ብቅ ብሏል። ሙሉ አልነበረም፤ እዚህም እዚያም ነው። የጎደለው የትኛው እንደሆነ አሁን ገባኝ አሉ፤ የተጨማደደውን ዲሽ እያሳዩኝ።

እኔም አሁን የምላቸው አለኝ። ከዘሩ በኋላ ዝናብ ከቆመ ወዲያው አትገልብጡ። ከአፈሩ ትንሽ አንሱና ዘሩን ለዩ። ሥር አውጥቶ የደረቀ ከበዛ እንደገና መዝራት ነው። ሥር ያላወጣ ፍሬ ከበዛ ግን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ቀን አቆዩት። ከተነሳ ማሳው ላይ ያለውም ይነሳል። ጉንዳንና ወፍ የወሰደውን፣ ጠንካራ የአፈር ቅርፊት ያፈነውን ዲሽ አያሳይም፤ እሱን ማሳው ላይ ወርዶ ማየት ነው።

ስሰናበታቸው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። "አንድ ጊዜ ርሶ ቢደርቅ ይችላል አልሽ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመላለስበትስ?" አሉኝ። ኢንኩቤተሩ ውስጥ አሁን ያለው ሙከራ ይህ ነው፦ አንድ ቀን ውሃ፣ ሦስት ቀን ድርቀት፣ ከዚያ እንደገና ውሃ።